ለ902 ማን ፈቀደ?

ሰውየውን ሞቶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ ግን እህቴ ናት ይላል።

ሐሙስ ዕለት ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሁለት ቤት ጨርሼ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣሁ። የ902 በር እጀታ ላይ የዶሳ፣ የስስ ሩዝ ቂጣ፣ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እነዚህ የኮምፒዩተር ልጆች ቁርሳቸው በር ላይ እስኪያረጅ ስለሚተኙ አልገረመኝም። ከረጢቱን አነሳሁ፣ የበሩን ቁጥር ነካክቼ ገባሁ።

«ሰር፣ ቁርስዎ በረዶ ሆነ!» አልኩ።

ከዚያ እግሩን አየሁት።

ኒሺካንት ሰር ከሶፋው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። ከጭንቅላቱ የወረደው ደም ደርቆ ጠቁሯል። አጠገቡ በየቀኑ አቧራውን የምጠርግለት የመስታወት ዋንጫ ተጋድሟል፤ የዓመቱ ምርጥ ወጣት ኩባንያ ተብለው የተሸለሙት። ዋንጫው ተወልውሏል። የተወለወለውም አጠገቡ በተጣለው የእኔ የወለል ጨርቅ ነው! መስታወት በወለል ጨርቅ የሚያብስ ሰው በሕይወቱ ቤት አጽድቶ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት እሱን ነው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከረጢቱ ከእጄ ወደቀ። ማባያው ቹትኒ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሊፍቱን ሳልጠብቅ ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ወረድኩ።

መጮህ ነበረብሽ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እኔ እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹና ሸሪኩ ቪሽሩት «ባጊሉ» የሚባል የበር አፕ ሠርተዋል። አሁን በቤንጋሉሩ ከተማ ባጊሉ የሌለው ትልቅ ግቢ በጣት ነው የሚቆጠር። ለተመላላሽ ሠራተኛ ቁጥር ይሰጣታል፤ ዘበኛው ቁጥሯን ሲነካ የቤቶቹ ሰዎች ስልክ «ሠራተኛዎ ገብታለች» ይላል። እንግዳ ወይ ምግብ ሲመጣ ደግሞ የቤቱ ሰው ስልክ ይጮሃል፤ «ፍቀድ» የሚለውን ሲጫን ዘበኛው ጋ የግቢው በር ላይ አረንጓዴ ይበራል። ቁጥር ለማግኘት መታወቂያና አሥራ ስምንት ዓመት ያስፈልጋል። እኔ ሁሊጌማ መታወቂያ የለኝም፣ ዓመቱም ይጎድለኛል። አካ፣ ታላቅ እህቴ ናጋቬኒ፣ 1147 ናት። እሷ ሲያማት 1147 እኔ ነኝ። ሸራ ቤቶቻችን ውስጥ አንድ ቁጥር ሦስት ሴት ያበላል። ዘበኛው ቁጥር እንጂ ፊት አያይም።

ያን ቀን አካ የት ነበረች? የመንግሥት ሆስፒታል፣ የቆዳ ክፍል ወረፋ ላይ። ሳሙና እጇን በልቶት ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት እጇን በነጭ ቅባት ለቅልቃ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ሁሉንም ማለቴ፣ ከከረጢቱ በቀር። ስለ ዶሳ ማን ያስባል?

«ያየሽ አለ?»

«ቢፑል ዘበኛው ብቻ። እሱም ስልኩን ነው ሲያይ የነበረው።»

«እንግዲያው እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አለቀ። አንቺ ቤት ሆነሽ ሩዝ ስትለቅሚ ዋልሽ። ይቺን የሆስፒታል ወረቀት ደግሞ አቃጥያት።»

* * *

አሥር ሰዓት ላይ የፖሊስ ጂፕ ሸራችን በር ላይ ቆመ። ኢንስፔክተር ቲፔስዋሚ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው፤ ጎንበስ ሲል ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል።

«1147 ማናት?»

«እኔ ነኝ» አለች አካ፣ እኔ ምራቄን ሳልውጥ።

እጇን አየው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳሙና ነው ሰር።»

«በዚህ እጅ ነው ዛሬ የሰው ዕቃ ያጠብሽው?»

«ታዲያ በእግሬ ልጠብ?»

ጢሙ ሥር ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

«እህቷ ነኝ።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ።»

«ሃያ» አለ፣ ከራስ እስከ እግሬ እያየኝ። «መልካም ሃያ ይሁንልሽ።»

አካን ይዘዋት ሄዱ። ጂፑ ላይ ስትወጣ ዞራ አንዴ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ እንግዳ ፊት አፌን ልከፍት ስል የምታየኝ ነው።

* * *

በማግስቱ የማሽላ ቂጣና የባቄላ ወጥ ቋጥሬ ጣቢያ ሄድኩ። ኮንስታብል ሾባ የራይቹር ልጅ ናት፣ የእኛን አገር አነጋገር ስትሰማ ልቧ ይሟሟል። የኢንስፔክተሩ ክፍል በር አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀምጣኝ ጉዳዩን በጆሮዬ አራገፈችው።

«ስሚ። ሸሪኩ ቪሽሩት ሐሙስ ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ገባ፤ ሻይ ጠጥተው ሁለት ከሃያ አምስት ላይ ወጣ። እህትሽ ሦስት ከአምስት ላይ ገባች። ሦስት ከአርባ ላይ ምግብ መጣ፣ 902 ፈቀደ። ስለዚህ ሰውየው ያን ጊዜ በሕይወት አለ። እህትሽ አራት ከሃያ ሁለት ላይ ወጣች፤ እየሮጠች ነበር ይላል ዘበኛው። ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሸሪኩ ተመልሶ ሬሳውን አገኘ። ሐኪሙ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ተኩል ባለው ውስጥ ነው የሞተው ብሏል።»

«የሊፍቱ ካሜራስ?»

«ከተበላሸ ዓመቱ። አፑ አለ ተብሎ አልተሠራም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «901 ባዶ ቤት ነው። ከምግቡ በኋላ ዘጠነኛ ፎቅ የወጣ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ምግብ አድራሹና እህትሽ።»

ምግብ አድራሹ ውስጥ ነበር። ኢርሻድ የሚባል ቀጭን ልጅ፣ የራስ ቁሩን እንኳ አላወለቀም። ኢንስፔክተሩ የሎሚ ሩዙን እየበላ ነው የሚጠይቀው።

«ላይ ስንት ደቂቃ ቆየህ?»

«ሊፍቱን ጨምሮ አራት።»

«በአራት ደቂቃ ሰው ይገደላል።»

«ይገደላል ሰር። ግን ቀጣዩ ትዕዛዝ ሊያመልጠኝ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር የቀረኝ። ሰው ለመግደል ፋታ የሚሰጠኝ ማን ነው?»

ሾባ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰውየውን አየኸው?»

«እኛ በር እንጂ ደንበኛ አናይም ሰር። አንጠልጥለህ ሂድ ይላል ትዕዛዙ፤ አንጠልጥዬ፣ ፎቶ አንስቼ ሄድኩ።»

ፎቶውን አሳየ። ከረጢቱ እጀታው ላይ ነው፣ ሦስት ከአርባ አራት። ሦስት ከሃምሳ አምስት ላይ ደግሞ ሌላ ሰፈር ሌላ ከረጢት አንጠልጥሏል። ኢንስፔክተሩ በማንኪያው ሂድ አለው።

«እንግዲህ» አለ ለሾባ፣ «ከረጢቱ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኛ ያገኘነው ውስጥ፣ ተደፍቶ ነው። የታሰረችው 1147 ከረጢት የሚባል አላየሁም ብላለች። ስለዚህ ያስገባው ባለቤቱ ራሱ ነው። ከሦስት ከአርባ አራት በኋላ በእግሩ ቆሞ ነበር ማለት ነው።»

አግዳሚው ከሥሬ የተንሸራተተ መሰለኝ። ከረጢቱን ያስገባሁት እኔ! ሙቱን ሰው በእግሩ ያቆምኩት እኔ፣ እህቴን ያሰርኳት እኔ፣ በአንድ ዶሳ።

ልናገር ተነሳሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያስገባሁት እኔ ነኝ ካልኩ ምን ልትሠሪ ገባሽ ይሉኛል። የገደለው ሰው ካልታወቀ ደግሞ ከሦስት ከአርባ አራት በኋላ ያቺን በር የከፈትኩት እኔ ብቻ ነኝ።

* * *

ቪሽሩት የመጣው ያኔ ነው። የባጊሉ አርማ ያለበት ካኔተራ፣ ቀይ ዓይን፣ በብብቱ ማህደር። ወንበር እንኳ እስኪሰጡት ቆሞ ጠበቀ፤ ጨዋ ነገር ነው።

«ሰር የጠየቁትን የሐሙስ መዝገብ ሙሉውን በቢሮ ልጆች አሳትሜ አመጣሁ።»

«አንተና ሟቹ ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«እኔና ኒሺ? አራት ዓመት አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተናል ሰር። ኩባንያውን የሚገዙ ሰዎች አንድ አለቃ ይበቃል አሉ፤ እኔ ልውጣ ተባባልን። በሰላም።»

«ከሦስት ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ኮራማንጋላ ሰፈር፣ ካፌ። ከገዢዎቹ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ እስከ አምስት ተኩል። አሥራ አንድ ሰው አይቶኛል።»

ሾባ ስልክ ደወለች። አሥራ አንዱም አይተውታል። አንዷ የለበሰውን ካኔተራ እንኳ ተናገረች።

«ያቺ ምስኪን ሴት ታሳዝናለች» አለ ቪሽሩት። «ግን የሰው አፍ ይዋሻል ሰር። መዝገብ አይዋሽም።»

ሳቄ አመለጠኝ። መዝገቡ እኮ እኔን አካ ብሎ የጻፈ ነው።

ኢንስፔክተሩ አንገቱን አወጣ። «ምን ያስቅሻል?»

«አስነጠሰኝ ሰር።»

«ዕድሜሽ ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ትናንት ሃያ ነበርሽ። እየለመለምሽ ነው።»

ቪሽሩት ሲወጣ አጠገቤ ቆመ። «አይዞሽ፣ ለእህትሽ ጠበቃ እፈልግላታለሁ» አለኝ። ድምፁ እውነት የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር። እስከ ዛሬ እሱ ነው የሚገርመኝ።

* * *

አካን በፍርግርጉ በኩል አገኘኋት። ቂጣውን ተቀብላ ጠረጴዛ ስለሌለ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ በቅባቱ እጇ ልትቆርሰው ስላልቻለች እኔ በቀዳዳው እያሾለክሁ አጎረስኳት።

«የሆስፒታሏን ወረቀት አቃጠልሻት?» አለች እያኘከች።

«አካ፣ እሷ እኮ ነፃ ታወጣሻለች።»

«እኔን ስታወጣ ማንን ታስገባለች? አቃጥያት አልኩሽ።»

«ከረጢቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አልነገርኩሽም ነበር።»

ማኘኳን አቆመች። «ይባስ» አለች። «እንግዲያው ፈጽሞ እንዳትናገሪ። እኔ አልገደልኩም፣ ይደርሱበታል።»

«በምን ይደርሱበታል? መዝገቡን አሳትሞ የሚያመጣላቸው የሰውየው ጓደኛ ነው!»

«ሁሊ፣ ስሚኝ። አንቺ ብትናገሪ ነገ በዚያ በር የጎረቤቶቻችን የእነ ሆናማ፣ የእነ ዬላማ ቁጥር ሁሉ ይመረመራል። አሥራ አንድ ሴት ናት። ልጆች አሏቸው። ሰኞ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

«ዳኛው ምን ይልሻል?»

«ምን አውቅልሻለሁ፣ ዳኛ ነኝ እንዴ?»

ቤት ሄጄ ወረቀቷን ከሩዝ ቆርቆሮው ውስጥ አወጣሁ። ማኅተም አላት፣ ቀን አላት፣ ወረፋ ቁጥር ሰማንያ ስድስት፣ የገባችበት ሦስት ሰዓት፣ የወጣችበት ሰባት ተኩል። ክብሪት ጫርኩ። ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ያዝኩት፣ ጣልኩት። ሁለተኛ ጫርኩ። ሦስተኛ።

ብናገር እኔ እገባለሁ። ዝም ብል አካ ትቀራለች። ብናገር አሥራ አንድ ሴት ትረግመኛለች። ዝም ብል እናቴ ከአገር ቤት ከያድጊር ደውላ «እህትሽን አቅርቢልኝ» ስትለኝ ምን እላታለሁ? በየት በኩል ብዞር ግድግዳ ነው፤ ሸራ ቤት ውስጥ ደግሞ ግድግዳ እንኳ የለንም።

አራተኛው ክብሪት እርጥብ ነበረ። አልነሳም አለ። ወረቀቷን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኳት።

* * *

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእህቴ ሐሙስ።»

አነበበ። መነጽሩን አውልቆ እንደገና አነበበ። «ታዲያ 1147 ሆና የገባችው ማናት?»

«ፊትዎ የቆመችው።»

የገረመው አይመስልም። «እህትሽ ቤቱን ስትነግረኝ ቹትኒው መፍሰሱን አላወቀችም» አለ። «አንድ ሰው እየሸፈነች መሆኑን አውቄያለሁ። ማንን እንደሆነ ደግሞ ሃያ ዓመቴ ነው ያልሽኝ ዕለት ጠርጥሬያለሁ። ዕድሜሽ?»

«አሥራ ስድስት። የዛሬው እውነት ነው።»

«እሷን አውጥቼ አንቺን ላስገባ?»

አፌ አመሉን አልተወም። «ያስገቡኝ። መጀመሪያ ግን ይስሙኝ፤ ካስገቡኝ በኋላ ስለማለቅስ ቃሌ አይሰማም።»

በእጁ ተቀመጪ አለኝ። ከረጢቱን ነገርኩት። የሩዝ ሳህኑን ገፋ።

«ድገሚው።»

«እጀታው ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያስገባሁት። እኔ ነኝ የደፋሁት።»

«ደሙስ? እርጥብ ነበር ደረቅ?»

«ደረቅ።»

«ምን ያህል ደረቅ?»

«ሰር፣ የሰው አንሶላ ስንት ዓመት አጥቤያለሁ። በቀዝቃዛ ውኃ የማይለቅ ደረቅ ነው።»

ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ጉልበቱ ሁለቴ ተንቋቋ። «እንግዲያው ቀደም ብሎ ነው የሞተው። ግን በሦስት ከአርባ ፈቅዷል። ሬሳ አይፈቅድም፣ ልጄ።»

«ሕያው ሆኖስ መች ፈቅዶ ያውቃል!»

«ምን?»

«ያ ሰውዬ እኮ ተጭኖ አያውቅም። ስልኩ ሲጮህ ትራስ ሥር ነው የሚከተው። ዘበኞቹ በግድግዳው ስልክ ይደውሉለታል፤ ‹አስገባው፣ አትነዝንዘኝ!› ይላል፤ እነሱ በራሳቸው ይጫኑለታል። ስንቴ ቤቱን ስጠርግ ሰምቻለሁ። የግቢው ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል።»

«የገዛ አፑን?»

«ምግብ አብሳይ የራሱን ወጥ ይበላል እንዴ?»

ቢፑል ተጠራ። ከአሳም የመጣ ልጅ ነው፣ ፖሊስ ፊት ሲቆም ኮፍያው በእጁ ላይ ይሽከረከራል። እኔን ሲያየኝ ዓይኑን መሬት ተከለ።

«እውነት ነው ሰር። ሐሙስ ግን ሳልደውልለት አረንጓዴ በራ። ‹ዛሬ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች› ብዬ ለጓደኛዬ ነግሬዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ወረቀቱን ነው የጠየቁት ሰር። እኔን አልጠየቁኝም።»

ኢንስፔክተሩ ግንባሩን አሸ። «ከእሱ ሌላ ለ902 ሊፈቅድ የሚችል አለ?»

ቢፑል ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ግን አውቅ ነበር። «በቤቱ ስም የተጻፈ ስልክ ሁሉ ይፈቅዳል ሰር። የ304 እመቤት ማይሶር ከተማ ስትሄድ ባሏ ከቢሮው ነው የሚያስገባኝ። ሰውየው ቤት መኖር አያስፈልገውም። ከተማው ውስጥም መኖር አያስፈልገውም።»

«902 ውስጥ ሌላ ማን ይኖር ነበር?»

እኔና ቢፑል ተያየን።

* * *

እኩለ ቀን ላይ ኢንስፔክተሩ ቪሽሩትን ግቢው በር ላይ ቀጠረው። መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ አስረዳኝ ነው ያለው። ቪሽሩት ደስ ብሎት ማስረዳት ጀመረ፤ ይሄ ቁልፍ ይሄን ያደርጋል፣ ያ ቁልፍ ያን ያደርጋል። ሾባ የሟቹን ስልክ በላስቲክ ከረጢት ይዛ ከኋላ ቆማለች። እኔ አጠገቧ።

«ቢፑል» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «ለ902 እንግዳ መጥቷል በል።»

«የእንግዳው ስም ሰር?»

«ቲፔስዋሚ።»

ቢፑል ተጫነ።

ስልክ ጮኸ። የሾባ ላስቲክ ውስጥ። ከዚያ ሌላ ስልክ ጮኸ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ደወል። የቪሽሩት ሱሪ ኪስ ውስጥ።

ኪሱ መጮኹን ቀጠለ።

«አንሣው እንጂ» አለ ኢንስፔክተሩ በለሆሳስ። «እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቆምም።»

«ድሮ እዚያ ስለኖርኩ ነው» አለ ቪሽሩት። «ጥር ላይ ስወጣ ስሜን አልሰረዙትም። ይሄ ምንም አያሳይም ሰር።»

«ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የጻፈልህን አንብቤዋለሁ። ‹ስለ ጉዟችን አመሰግናለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የኩባንያው በር ለአንተ ተዘግቷል።› በሰላም ተለያየን ብለኸኝ አምኜህ ነበር። ከኩባንያው በአንድ መልእክት ሰረዘህ፤ ከቤቱ መሰረዝ ግን ረሳ።»

«ሦስት ከአርባ ላይ እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ! የፈቀደው ኒሺ ነው!»

«ኒሺ ፈቅዶ አያውቅም።»

ቪሽሩት ሳቀ። «ምን ማለት ነው? አፑን የሠራው እሱ እኮ ነው።»

«በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንድ ቀንም ተጭኖ አያውቅም ሰር» አለ ቢፑል። «‹ያ ጩኸታም ነገር› ነበር የሚለው።»

የቪሽሩት ፊት ሲቀየር አየሁት። ገዳይ ሲያዝ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ እሱ የተታለለ ሰው ነበር የሚመስለው።

«አንድ ቀንም?» አለ። «እኛ ለገዢዎቹ... ይሄ ግቢ መቶ በመቶ ይጠቀማል ብለን ነው ያሳየናቸው። የመጀመሪያው ግቢ። የእሱ ቤት!»

«በሕይወት ያለ እንዲመስል ዶሳውን በእሱ ስም ያዘዝከው ከካፌው ነው?»

የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስልኩ እጁ ውስጥ እስካሁን ይጮሃል፤ ፍቀድ፣ ከልክል፣ ፍቀድ፣ ከልክል።

«ዋንጫውን ልውሰድ ነበር ያልኩት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። የሁለታችንም ስም አለበት። ሳቀብኝ። ‹ስምህን በመዶሻ አውጥተህ ውሰድ› አለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ከእጁ ተቀብሎ አጠፋው።

* * *

አካ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣች። ገና ከፍርግርጉ እንዳለፈች ጆሮዬን በሁለት አንጓዎቿ መሐል ጨምቃ ያዘች፤ ጣቶቿ ቅባት ናቸውና።

«አቃጥያት አላልኩሽም?»

«ክብሪቱ እርጥብ ነው!»

«አንቺ ነሽ እርጥብ!» ከዚያ አንገቴን አቅፋ ቅባቱን ሁሉ ፀጉሬ ላይ ለቀለቀችው። ሾባ ዞራ አፍንጫዋን አበሰች።

ኢንስፔክተሩ ቃሌን አስፈርሞኝ ሲያበቃ ጣቱን ቀሰረብኝ። «እስከ አሥራ ስምንት እዚያ በር ላይ እንዳላይሽ። የግቢው ኮሚቴም ከሰኞ ጀምሮ ሠራተኛ ሁሉ በፊቷ ነው የምትገባው ብሏል፤ ካሜራ እያስተከሉ ነው። ለሰፈርሽ ሴቶች ንገሪያቸው።»

እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ሳለ ሾባ የአካን ስልክ ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠቻት። ሲበራ ጮኸ።

እስካሁን ያላወራኋችሁ ኮከብ የሚባል ነገር አለ። የቤቱ ሰዎች በየቀኑ ለሠራተኛዋ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጧታል። ከሦስት በታች የወረደች ቁጥሯ ቀይ ይሆናል፣ የትኛውም ግቢ አያስገባትም። አካ ሐሙስ ጠዋት አራት ከምናምን ነበረች። ከ902 ቀጥሎ ልሠራላቸው የነበሩት አራት ቤቶች ሳህናቸው ገንዳ ውስጥ ቀርቷል፤ ዓርብም ቅዳሜም ማንም አልመጣላቸውም። አራቱም አንድ አንድ ኮከብ ሰጥተዋል። 501 ጨምራ ጽፋለች፤ ሾባ አነበበችልን። «ሠራተኛዋ ሳትነግረን ጠፋች።»

«ሁለት ነጥብ ስምንት» አለች አካ። ስልኩ ቀይ ነበር። «ታስሬ ነበር እኮ። ለማን ነው አቤት የሚባለው?»

ሾባ አሰበች። «ለኩባንያው አለቃ ነበር።»

አንደኛው አለቃ ሞቷል። ሁለተኛው ከእኛ አሥር እርምጃ ርቆ ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጧል። አካ ሄዳ ፊቱ ቆመች። የሚገርመኝ፣ አልተሳደበችም።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ኮከብ ታስተካክልልኛለህ?»

ቪሽሩት ቀና ብሎ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። «አልችልም እህቴ» አለ። «ፈቃድ የለኝም። ሐሙስ ጠዋት ነው የዘጉብኝ።»

ወደ ኢንስፔክተሩ ተመለሰች። እሱም ከአሁኑ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። «እኔ ገዳይ እይዛለሁ እንጂ ኮከብ አልጨምርም።»

«ገባኝ ሰር።» አካ የሳሪዋን ጫፍ አስተካከለች፤ ሥራ ስትጠይቅ እንዲህ ነው የምታደርገው። «እርስዎ ቤትስ? ባለቤትዎ ሰው አትፈልግም? እጄ በሁለት ሳምንት ይድናል። እስከዚያ ይቺ ትጠርጋለች፣ እኔ እቆጣጠራታለሁ።»

ኢንስፔክተሩ የሩዝ ሳህኑን ከዚህ ወደዚያ አንቀሳቀሰ። በሕይወቱ ያን ያህል የተጨነቀ አይመስለኝም፤ ገዳዩን ሲይዝ እንኳ።

«የፖሊስ መኖሪያ ግቢውም ካለፈው ወር ጀምሮ በባጊሉ ሆኗል» አለ።

አካ ቀዩን ስልክ እንደገና አየች።

«ስንት ኮከብ ነው የሚጠይቀው?»

«ሦስት ተኩል።»